የራሳችን ሰው ሲከሰስ «ከጀርባዋ ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ለምን ይቀድማል?

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሠራው በአንድ የፖለቲካ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። እናንተም ለመገመት አትሞክሩ፤ ቢታወቅ ቀድማ የምትጎዳው የማወራላችሁ ልጅ ናት። ቢሮው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፋይል እይዛለሁ፣ ሥራ አስፈጻሚው ሲሰበሰብ ደግሞ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

በበጎ ፈቃድ የምታገለግለን አንዲት ወጣት አለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ሳለ ነው እኛ ጋ የመጣችው። የወጣቶች ስብሰባ ሲኖር አዳራሽ የምትለምነው እሷ ናት። ድምፅ ማጉያ የምትከራየው፣ ወንበር የምትደረድረው፣ ማታ ቆይታ የምትጠርገውም እሷ ናት። ሳንቲም አይከፈላትም። ከአመራሮቻችን አንዱ፣ በዕጩዎች ምልመላ ላይ ቃሉ የሚሰማ ሰው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሮው ጠራት። ያደረገባትን ነግራኛለች። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ስሟ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለመግባቱ በእጁ እንደሆነ እየነገራት ነው ያደረገው። ይህን ብቻ ልበል።

ልጅቷ ደፋር ናት። ራሷ ሄዳ ለሊቀመንበሩ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሥራ አስፈጻሚውን ጠሩ። ደብተሬን ይዤ ገባሁ።

ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብሎ ይጀምራል ብዬ ጠብቄ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከጀርባዋ ማን አለ?» ሆነ። ቀጥሎ «ሌላ ፓርቲ ልኳት ቢሆንስ?» ተባለ። ሌላው «ምርጫ ደርሶብናል፣ አሁን ጊዜው አይደለም፣ ትግሉን ይጎዳል» አለ። በየመድረኩ ስለ ሴቶች መብት አሳምሮ የሚናገር ሰው አለን። እሱ ደግሞ «ቤተሰቦቿ ጋ ሽማግሌ እንላክ» አለ። የተከሰሰው ሰው በዚህ ሁሉ መሐል እዚያው ተቀምጦ ነበር። ማንም «አንተ ለጊዜው ውጣ» አላለውም። በመጨረሻ «ከጠቅላላ ጉባኤው በኋላ እናየዋለን» ተባለ። ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረው «ይሄ አይጻፍ» አሉኝ።

የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። ከተወሰነ ጊዜ በፊት በሌላ ፓርቲ ሰው ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲወራ እኛ በማግስቱ መግለጫ አውጥተናል። «የተጠቂዎች ድምፅ ይሰማ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። የተየብኩት እኔ ነኝ። በዚያ መግለጫ ላይ የፈረሙት ሰዎች ናቸው ዛሬ «ማን ላካት?» የሚሉት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የትም ሀገር እንዲህ ነው? ፖለቲከኛ ሁሉ የራሱ ሰው ሲነካ እንዲህ ይሆናል? ሁለተኛ፣ እኔ ምን ላድርግ? እሷን ሳልጎዳ ምን ማድረግ እችላለሁ? የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እናቴም በእኔ ደመወዝ ነው የምትኖረው። ግን ዝም ብዬ መቀመጥም አልቻልኩም።

---

የፒያሳ ልጅ

እህቴ፣ ልጅቷንም ሰውየውንም አላውቅም። ፖለቲካችንን ግን አውቀዋለሁ። በዚህች ከተማ ሰውን ከወንበሩ ለማውረድ ያልተሞከረ ነገር የለም። ስም ማጥፋት ደግሞ ርካሹ መንገድ ነው። አንድ ወዳጄ በሹክሹክታ ብቻ ከነበረበት ድርጅት ተገፍቶ ወጥቷል። ምን አደረግክ ብሎ የጠየቀው የለም፤ መልስ የሚሰጥበት ቦታም አላገኘም። እስከ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ጥርጣሬያቸው ከመሬት የበቀለ አይደለም ለማለት ነው። ሰውየው ንጹሕ ከሆነስ? እሱም ስሙን የሚያጠራበት መድረክ ያስፈልገዋል። ይህን ስል ልጅቷ ትዋሻለች ማለቴ አይደለም። ያልሽው ስብሰባ ለእሱም የሚጠቅም አይመስለኝም። ነገ ነገሩ ቢወጣ «ጓደኞቹ ሸፈኑለት» ነው የሚባለው።

---

ጠበቃዋ

ሥራዬ ልደታ ፍርድ ቤት ስለሚያመላልሰኝ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልበል። ከሁሉ በፊት ግን፣ እባካችሁ ቀን ቁጠሩ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 625 አለ። አንድ ሰው በሴት ላይ ያለውን ሥልጣን፣ ወይም እሷ ያለችበትን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ለወሲብ ወይም ለሌላ ለክብረ ንጽሕና ተቃራኒ ለሆነ ድርጊት ቢያውላት በቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። አሠሪ፣ አስተማሪ፣ አሳዳሪ፣ ወይም ይህን የመሰለ ግንኙነት ያለው ሁሉ ይገባበታል። «ዕጩ መሆንሽ በእጄ ነው» የሚል ሰው እዚህ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ነገር ግን ይህ አንቀጽ የሚንቀሳቀሰው ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር ነው፤ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። አሁን «ከጠቅላላ ጉባኤው በኋላ» የሚለውን ውሳኔ እንደገና አንብቡት። ጉባኤው መቼ ነው? ከሦስት ወር በኋላ ከሆነ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። አውቀው ይሁን ሳያውቁ አላውቅም። ለልጅቷ ግን ውጤቱ ያው ነው።

የሽማግሌውም ነገር እዚሁ ላይ ነው የሚገባኝ። በግል አቤቱታ በሚቀርብ ወንጀል ልጅቷ ካልከሰሰች ጉዳዩ የለም። ስለዚህ ጫናው ወደ እሷ፣ ወደ እናቷ፣ ወደ አጎቷ ይሄዳል። ሽምግልና ለብዙ ነገር መልካም ነው። አንዲትን ልጅ አፍ ለማስያዝ ሲላክ ግን ሽምግልና አልለውም።

ኃይል ተጠቅሞባት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 620 እና 622 ይመጣሉ። አስገድዶ መድፈር መነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ የእሷን የግል አቤቱታም አይጠብቅም። እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶባት ከሆነ ከጠበቃም ከፓርቲም ቀድማ ሐኪም ጋ ትሂድ። አምባሳደር አካባቢ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ መስኮት አገልግሎት አለው። ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ እዚያው ይገኛሉ። ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች ለእያንዳንዱ ሰው እንዳትደግም ነው።

ሰውየው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው? ከሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ከለላ አለው፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም። ካልሆነ ይህ አጥር የለም። የፓርቲ አመራር መሆን ያለመከሰስ መብት አይሰጥም። ብዙ ሰው ይሰጣል ብሎ ያስባል።

ስለ አንቺ። ልጅቷ በጎ ፈቃደኛ ስለሆነች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእሷ ብዙም አይደርስላትም። ትልቅ ክፍተት ነው፤ ሁሌም ያናድደኛል። ሕጉ ተቀጣሪዋን ያውቃታል፣ በነፃ የምትሠራዋን አያውቃትም። አንቺ ግን ተቀጣሪ ነሽ። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ሂደት መሳተፉ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ራሱ ይላል። አያባርሩሽም ማለቴ አይደለም። ቢያባርሩሽ የምትቆሚበት መሬት አለሽ ማለቴ ነው።

ጠበቃ መክፈል ካልቻለች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ ምክር ይሰጣል። ከፈለጋችሁም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

---

የድሮ ዘጋቢ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ጋዜጠኛ ነኝ። ካዛንቺስ ሰፈራችን ከመፍረሱ በፊት ቤቴ በቆየ ጋዜጣ የተሞላ ነበር። አሁንም ልማዱ አልለቀቀኝም፤ የውጭውን ዜና ሁሉ አነባለሁ። ስለዚህ «የትም ሀገር እንዲህ ነው?» ያልሽውን እኔ ልመልስ። አዎ፣ አብዛኛው ቦታ የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ቀጥሎ ባለው ነው።

የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንን ታስታውሻለሽ? የወደቀበት የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰኔ መጨረሻ ላይ የፓርቲው ምክትል ተጠሪ ክሪስ ፒንቸር ለንደን ውስጥ በአንድ የግል ክበብ ሁለት ወንዶችን ያለ ፈቃዳቸው ነካክቷል ተብሎ ኃላፊነቱን ለቀቀ። ጥያቄው ወዲያው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዞረ፤ ይህን ሰው ሲሾሙት ያለፈውን ያውቁ ነበር? ጽሕፈት ቤታቸው መጀመሪያ «አያውቁም» አለ። ከዚያ «በጥቅሉ ሰምተው ነበር» ወደሚል ተንሸራተተ። ሐምሌ 5 ቀን በጡረታ የወጡ አንድ ከፍተኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፉና እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ ሰው ላይ የቀረበ አቤቱታ ተጣርቶ እንደነበር፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩም በአካል እንደተነገራቸው አወጡ። በዚያው ቀን ሁለት ትልልቅ ሚኒስትሮች ለቀቁ። በሦስተኛው ቀን ጆንሰን ራሳቸው እለቃለሁ አሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘወትር የማስበው በቴሌቪዥን ወጥተው «አያውቁም ነበር» ሲሉ የዋሉትን ሚኒስትሮች ነው። የተነገራቸውን አምነው ነው የተናገሩት። ነገ ከእናንተ ቢሮም አንድ ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ «አመራሩ ጉዳዩን አያውቅም» ይላል። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። «ይሄ አይጻፍ» የተባልሽው ለዚህ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ከገባ አመራሩ ያወቀበት ቀን ይኖራል። ቀን ካለ ነገ አላወቅንም ማለት አይቻልም።

ደቡብ አፍሪካን ደግሞ እይ። የገዥው ፓርቲ የኤኤንሲ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጃኮብ ዙማ አስገድዶ በመድፈር ተከሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍርድ ቤቱ ነፃ አላቸው፤ ፍርዱን እዚህ አልከራከርበትም። ያሳመመኝ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሆነው ነው። ከሳሿ የትግል ጓዳቸው ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከዙማ ጋር ሮበን ደሴት ታስሯል። ደጋፊዎች ግን አደባባይ ወጥተው ዘለፏት፣ ፎቶዋን አቃጠሉ። የፓርቲው የሴቶች ሊግ እንኳ ከኃያሉ ጋር ቆመ። ሴትዮዋ ከፍርዱ በኋላ ከሀገር ወጥታ መኖር ግድ ሆነባት። ዙማ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የፓርቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ጥፋተኝነትን መወሰን የፍርድ ቤት ሥራ ነው። አባልሽን ከስድብ መጠበቅ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ የተከሰሰውን ሰው ከኃላፊነት ገለል ማድረግ፣ «ሌላ ፓርቲ ልኳት ነው» ብሎ አለማስወራት ግን የፓርቲ ሥራ ነው። ለዚህ ማንም ፍርድ መጠበቅ አይኖርበትም። «ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ስለሆነ አስተያየት አንሰጥም» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ለዚህ ሁለተኛው ሥራ መሸሻ ነው።

ደግ ምሳሌም አለ፤ እሱም ግን እንከን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የኒውዮርክ ገዥ አንድሩ ኩሞ በብዙ ሴቶች ሲከሰሱ ምርመራውን የመራችው የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ የራሳቸው ፓርቲ ሰው ነበረች። መርማሪ አድርጋ የመደበችው ከውጭ ያሉ ጠበቆችን ነው። ሪፖርቱ 11 ሴቶችን እንደተነኮሱ ደመደመ። ፕሬዚዳንት ባይደን፣ የዚያው ፓርቲ ሰው፣ በዚያኑ ዕለት ይልቀቁ አሉ። በሳምንቱ ኩሞ እለቃለሁ አሉ፤ ክሱን ግን እስከ ዛሬ ይክዳሉ። እስከዚህ ድረስ የምመኘው ዓይነት ነው። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ለኒውዮርክ ከንቲባነት ሲወዳደሩ ያኔ «ይውረዱ» ካሏቸው የፓርቲው ሰዎች አንዳንዶቹ ተመልሰው ደገፏቸው። ምርጫውን ተሸነፉ። ያ ድጋፍ ግን ልቤን ሰብሮታል፤ ያኔ ወጥተው የተናገሩትን ሴቶች የሚያስታውስ የለም ወይ አልኩ።

ሩቅ ሀገር አበዛሁብሽ። ቤታችን አጠገብ ልምጣ። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ሲኬድ የአፍሪካ ኅብረት አለ። ፓርቲ አይደለም፤ ነገሩ ግን ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴት ሠራተኞች አቤት ካሉ በኋላ የኅብረቱ ኮሚሽን አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ 88 ሰዎችን አነጋገረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ውጤቱን ራሱ ይፋ አደረገ። ጾታዊ ትንኮሳ አለ፤ ይበልጥ የተጋለጡትም የአጭር ጊዜ ሠራተኞች፣ ወጣት በጎ ፈቃደኞችና ተለማማጆች ናቸው አለ። ያንቺን ልጅ ያየ ነው የሚመስለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮንትራቷን የሚያድስላት፣ ድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት፣ ዕጩ የሚያደርጋት ያው ሰው ነው።

ወንበር ላይ የተቀመጡትም አልዳኑም። የዓለም ፓርላማዎች ኅብረትና የአፍሪካ ፓርላማዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ከ50 የአፍሪካ ሀገሮች 224 ሴት የምክር ቤት አባላትና ሠራተኞች ተጠይቀዋል። ከእነሱ 39 በመቶው ጾታዊ ትንኮሳ ደርሶብናል ብለዋል። የምክር ቤት አባል ሆና ካልተከበረች በነፃ የምታገለግለው ልጅ ምን ልትሆን ነው?

የፒያሳ ልጅ፣ ለወዳጅህ አዝናለሁ። ያልከው እውነት ነው፤ የውጭ አጣሪ ለሁለቱም ይጠቅማል። «ከጀርባዋ ማን አለ?» የሚለውም ቢሆን በአጣሪው ይመለስ። እዚያ ክፍል ውስጥ ባሉት ግን አይመለስም። የተከሰሰው ራሱ እዚያ ተቀምጧል!

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፣ የእኔ ምክር ይህ ነው። የሰማሽውን ጻፊው። «አይጻፍ» መባሉንም ጻፊው።

---

ስሜ ይቅር

የሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ብቻ።

እኔ ላይ ሲደርስ ሊረዱኝ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። መልካም ሰዎች ናቸው። ሳይጠይቁኝ ግን ወደ ላይ አመለከቱ። በማግስቱ ቢሮው ሁሉ ያየኝ ነበር። ከደረሰብኝ ነገር ባልተናነሰ ያ ጎዳኝ። በራሴ ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ወሰነብኝ።

እህቴ፣ መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት። ምን ትፈልጊያለሽ? ክስ ነው? እሱን ሳያዩ መሥራት ነው? ወጥቶ መሄድ ነው? ይቅርታ ነው? ምንም ባትፈልግም መብቷ ነው። አብረሻት መሆንሽን ብቻ ትወቅ።

---

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

ለሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ ስሜ ይቅር፣ ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ያደረው። ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር፤ ላስገባ ስል አቆምኩት።

ከሥራ በኋላ ከልጅቷ ጋር ተገናኘን። ከቢሮው ሰው እንዳያየን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ ብለን ሻይ ጠጣን። ጠየቅኳት። ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኳት እንጂ። መጀመሪያ ያለችው «ቤተሰቦቼ ከሽማግሌ አፍ እንዳይሰሙት» ነው። ስለዚህ በዚያኑ ምሽት ለታላቅ እህቷ ራሷ ነገረቻት። እህቷ አብራት ቆማለች። ሁለተኛ ያለችው ሰውየው ከምልመላው እንዲነሳ ነው። «እኔን ዕጩ ያድርጉኝ አላልኩም፤ ሌላ ልጅ ያንን ቢሮ እንዳትገባ ነው» አለች። ስለ ሦስት ወሩ ስነግራት ደነገጠች። ማንም አልነገራትም። ከጉባኤው በኋላ ይታያል ሲሏት አምና እየጠበቀች ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው በፈቃዷ ደብዳቤውን የጻፍኩት። የስብሰባውን ቀን፣ የነበሩትን ሰዎች፣ የተባለውን፣ «አይጻፍ» መባሉንም አስገባሁ። ያደረገባትን ዝርዝር አላስገባሁም። የጠየቅኩት አራት ነገር ነው። ሰውየው ጉዳዩ እስኪጣራ ከዕጩ ምልመላው ይታገድ። እሱ ባለበት ስለ እሷ ስብሰባ አይደረግ። አጣሪዎቹ ከፓርቲው ውጭ ይሁኑ። ሽማግሌ አይላክ። ለሊቀመንበሩ አድርጌ፣ ግልባጭ ለፓርቲው የኦዲትና ቁጥጥር ኮሚሽን አልኩ። መተዳደሪያ ደንባችን የአባላትን የሥነ ሥርዓት ጉዳይ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ደንቡን ስንመዘገብ ለምርጫ ቦርድ ያስገባነው እኛው ነን፤ ስለዚህ አናውቀውም ማለት አይችሉም።

ሊቀመንበሩ አስጠሩኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ይህን ለምን በቃል አልነገርሽኝም?» አሉኝ። «እሷ በቃል ነግራዎት ነበር» አልኳቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ወጣልኝ። «ኮሚሽኑን እጠራለሁ» አሉ። ይጥሩ አይጥሩ አላውቅም። ሰውየው እስካሁን አልታገደም፤ ዛሬም በኮሪደሩ ሰላም ብሎኝ አልፏል። የሴቶች ሊግ ሰብሳቢያችን ግን ቢሮዬ መጥተው በሩን ዘጉና «ሁለተኛ ፊርማ ከፈለግሽ እኔ አለሁ» አሉኝ። ያን አልጠበቅኩም ነበር። ጋሼ፣ የደቡብ አፍሪካውን ሊግ ታሪክ አንብቤ ስለነበር አለቀስኩ።

ጠበቃዋ፣ ልጅቷ ልታነጋግርሽ ትፈልጋለች። እህቷም ትመጣለች።

---

የፒያሳ ልጅ

ጎበዝ። ወዳጄም ያኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ሥራሽን ካጣሽ እዚሁ ጻፊ። ፒያሳም አራት ኪሎም የማውቃቸው ቢሮዎች አሉ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሁሉም ይፈልጋል።

---

የድሮ ዘጋቢ

ልጄ፣ ሰብሳቢዋ ያሉትን አስፈርሚ። ዛሬ አለሁ ያለ ሰው ነገ ስልክ ይደወልለታል። ፊርማ ካለ ግን አብራችሁ ናችሁ። ሰውየው ከምልመላው ሳይነሳ የዕጩዎች ዝርዝር ከወጣ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፊ፤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን እየጠቀስሽ። ባለሥልጣን አንድ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ሁለተኛው ሲመጣ መልስ ማሰብ ይጀምራል።

---

ጠበቃዋ

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመቸኛል። ልደታ ባቡር ጣቢያ ስትደርሱ ደውሉ፤ ቢሮዬ ከዚያ ቅርብ ነው። መታወቂያዋን ትያዝ። ከሰውየው ጋር የተጻጻፈችው የስልክ መልእክት ካለ አንዱንም አታጥፋ፤ ስልኩን እንዳለ ታምጣው። ሁሉንም ቀኖች በራሷ እጅ ጽፋ ትምጣ፤ የምትረሳው ካለ ባዶ ትተወው እንጂ አትገምት።

አንቺ ደግሞ፣ ያስገባሽው ደብዳቤ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አድርጎልሻል? ካላደረገ ነገ ጠዋት ሂጂና አስደርጊ። ቅጂውን ቢሮ አታስቀምጪው።